ኖሮ፦ ስላልሆነው የኮሌጅ ፉትቦል ታሪክ የቀረበ ጥናት

«ኖሮ» ሁለት ፊደል ናት። የሰዋስው መምህራን ስለ ግሥ እርባታ ብዙ ሲደክሙ ይህችን ቃል በእግረ መንገድ ጠቅሰዋት ያልፋሉ፤ ጉልበቷን ልብ ያላት የለም። ከ«ቢ» ወይም ከ«ባይ» ጋር ስትገጥም ያለፈን ነገር ከሥሩ ትነቅለዋለች። «ዳኛው ባይነፋ ኖሮ» ያለ ሰው፣ ዳኛው ነፍቶ፣ ጡረታ ወጥቶ፣ የልጅ ልጅ ቢያይም ፊሽካውን ከአፉ ነጥቆታል።

ይህ ጥናት የሚነሣው ከአንድ የዕድል አድልዎ ነው። እኛ እንዲህ ያለ መሣሪያ በሁለት ፊደል ይዘን ተቀምጠን ሳለ፣ በዓለም ላይ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ሰው አማርኛ አይችልም። እሱም የአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ደጋፊ ነው።

የጥናቱ ዘዴ እንደሚከተለው ነው። አጥኚው አትላንታ ውስጥ ታክሲ ይነዳል። በመከር ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚሳፈር፣ የኮሌጅ ኮፍያ ያደረገ ሰው ሁሉ ናሙና ነው። የመኪናው በር ሳይዘጋ መረጃ መስጠት ይጀምራል። ሒሳቡን የሚከፍለውም እሱ ስለሆነ ጥናቱ የገንዘብ ችግር ገጥሞት አያውቅም። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈናቸዋል፤ ነገሩ እንዲሁም ውስብስብ ነው።

ለአዲስ አንባቢ ትንሽ ስለ ጨዋታው። ኳሷ ሞላላ ናት፣ በእጅ ትያዛለች፣ በእጅ ትወረወራለች፤ የምትጠራው ግን በእግር ነው። አጥቂው ቡድን አሥር ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለው። አራት መሆኑን አንባቢ ይያዝልን፣ ኋላ ያስፈልገናል።

የመጀመሪያው ጨዋታ ኖቬምበር 6 ቀን 1869 ኒው ብረንስዊክ ላይ ተካሄደ። ረትገርስና ፕሪንስተን ሃያ አምስት ሃያ አምስት ሆነው ገጠሙ፤ ረትገርስ 6 ለ 4 አሸነፈ። ያን ቀን ኳስ ይዞ መሮጥ ክልክል ነበር፣ መለጋትና መምታት ብቻ። ሃርቫርድ በ1874 ከካናዳው ማክጊል ጋር ተጫውቶ ይዞ መሮጥ ባይጥመው ኖሮ፣ አሜሪካ እስከ ዛሬ እንደ ሰው በእግሯ ትጫወት ነበር። አጥኚው ይህን «ኖሮ» ለአንድ ተሳፋሪ ቢያቀርብ ተሳፋሪው ለረጅም ጊዜ በመስኮት ተመለከተ። ጉርሻም አልሰጠም።

ሁለተኛው ነገር ሲሚንቶ ነው። በ1905 ጨዋታው ቢያንስ 18 ወጣቶችን ገደለ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የየልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ዋይት ሐውስ ጠርተው መከሩ። መተፋፈጉን ለመቀነስ፣ የጨዋታው አባት የሚባለው ዎልተር ካምፕ ሜዳው ይስፋ የሚል ሐሳብ ነበረው። ችግሩ ሃርቫርድ በ1903 ስታዲየሙን በኮንክሪት ገንብቶ ጨርሷል፤ ሜዳውን ለማስፋት ቅጥሩ መፍረስ አለበት። እንደሚተረከው ሜዳው የቀረው በዚህ ነው፤ በ1906 ኳስን ወደ ፊት መወርወር ተፈቀደ። ዛሬ አንድ ወጣት ኳስ ስለወረወረ ሚሊዮን ዶላር ሲቆጠርለት የሚያይ ሰው፣ ሃርቫርድ በእንጨት ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ብሎ ያስብ። የልጁ ሀብት መሠረቱ ኮንክሪት ነው።

በዚያው ሰሞን ስታንፎርድና ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፉትቦሉን ትተው ወደ ራግቢ ዞሩ። ዓመታት ቆይተው ተመለሱ። ግን ከዚያ የቀረ ችሎታ አልጠፋም ነበርና አሜሪካ በ1920 እና በ1924 በኦሎምፒክ ራግቢ ወርቅ ወሰደች። ከዚያ በኋላ ራግቢ ከኦሎምፒክ ወጥቶ እስከ 2016 ሳይመለስ ስለቀረ፣ አሜሪካ 92 ዓመት ያልተሸነፈች ሻምፒዮን ሆና ኖረች። ይህን ግን የኮፍያ ባለቤቶቹ አያነሡትም። ደጋፊ የሚያዝነው ላጣው እንጂ ሳያውቀው ለያዘው አይደለም።

ወደ ቺካጎ እንሂድ፤ የጥናቱ እጅግ አስቸጋሪ ጉዳይ ያለው እዚያ ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በዘመኑ ኃያል ነበር። ኋላ የሃይስማን ዋንጫ የተባለውን፣ በየዓመቱ ለምርጡ ተጫዋች የሚሰጠውን የነሐስ ሐውልት በ1935 መጀመሪያ የተሸለመው የቺካጎው ጄይ በርዋንገር ነው። ሐውልቱን አክስቱ ቤት አስቀመጠው፤ እሳቸውም በር እንዳይዘጋ ማገጃ አደረጉት። አጥኚው ከዚህ የበለጠ የአክስት ሥራ አላየም። በ1939 የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሮበርት ሃቺንስ ፉትቦሉን ጭራሽ ዘጉት። ስታዲየሙ ያለ ሥራ ቀረ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ዲሴምበር 2 ቀን 1942፣ የፊዚክስ ሊቁ ኤንሪኮ ፌርሚና ባልደረቦቹ በምዕራቡ የተመልካች መቀመጫ ሥር፣ በአንድ የራኬት መጫወቻ ክፍል ውስጥ ግራፋይትና ዩራኒየም ደርድረው፣ ሰው የሠራውን የመጀመሪያውን ራሱን የሚያስቀጥል የኒውክሌር ሰንሰለታዊ ሂደት አስጀመሩ።

እዚህ ላይ «ኖሮ» ትከብዳለች። ሃቺንስ ፉትቦሉን ባይዘጉት ኖሮ ክፍሉ ባዶ ይገኝ ነበር? ላይ ሕዝብ እየዘለለ ታች ፌርሚ ግራፋይት ይደረድር ነበር? የአቶም ዘመን በአንድ ክንፍ ተጫዋች መጎዳት ሳቢያ ለሌላ ሳምንት ይተላለፍ ነበር? አጥኚው ሁለት ክረምት ከደከመበት በኋላ የቀን መቁጠሪያ አየ። ዲሴምበር 2 ቀን 1942 ረቡዕ ነው። የኮሌጅ ፉትቦል ቅዳሜ ነው። ስለዚህ ፌርሚ ያለ ችግር ይሠራ ነበር፤ ጉዳዩ በክብር ተዘግቷል።

በ«ኖሮ» የማይረዳም ጨዋታ አለ፣ እሱም እዚሁ አትላንታ ነው የተካሄደው። በ1916 ኦክቶበር 7 ጆርጂያ ቴክ ከምበርላንድን 222 ለ 0 አሸነፈ። ከምበርላንድ ቡድኑን በትኖ ነበር፤ ካልመጣችሁ 3,000 ዶላር ትከፍላላችሁ ስለተባለ መጣ። የዚህ ጨዋታ ብቸኛ «ኖሮ» «ከፍለን ቢሆን ኖሮ» የሚለው ነው፤ እሱም የሒሳብ ሹም «ኖሮ» እንጂ የደጋፊ አይደለም።

አሁን አራቱን ሙከራ እናንሣ። በ1940 ኖቬምበር ኮርኔል ዳርትመዝን በመጨረሻዋ ቅጽበት 7 ለ 3 አሸነፈ። ኋላ ፊልሙ ሲታይ ዳኛው ለኮርኔል አምስት ሙከራ ሰጥቶት ኖሯል። ኮርኔል ቴሌግራም ላከና ድሉን መለሰ። በመዝገብ ዳርትመዝ 3 ለ 0 አሸንፏል ይላል። ያልሆነው ታሪክ የሆነውን ታሪክ በፖስታ ቤት በኩል አሸነፈው ማለት ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ በ1990 ኮሎራዶ ሚዙሪ ላይ በተመሳሳይ ሁኔታ አምስተኛ ሙከራ ተሰጥቶት 33 ለ 31 አሸነፈ። ኮሎራዶ ቴሌግራም አልላከም። አሠልጣኙ ሜዳው ያዳልጥ ነበር ሲሉ አማረሩ፤ ቡድኑም በዓመቱ መጨረሻ በአሶሺየትድ ፕሬስ ጋዜጠኞች ድምፅ ሻምፒዮን ሆነ። የሚዙሪ ተሳፋሪ ሲገጥም አጥኚው ራዲዮ ይከፍታል።

«በጋዜጠኞች ድምፅ» ያልነው ለማሾፍ አይደለም። ኤንሲኤኤ የሚባለው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር በዚህ ስፖርት ከፍተኛ ደረጃ የራሱን የሻምፒዮንነት ዋንጫ ሰጥቶ አያውቅም። ለረጅም ዘመን ሻምፒዮን ማለት ጸሐፊዎችና አሠልጣኞች ድምፅ ሰጥተው የሚመርጡት ነበር፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ሁለት ሻምፒዮን ይኖራል። እንዲህ ባለ አገር ያለፈው ነገር መቼም አያልቅም። አላባማ በ1941 ሁለት ጊዜ ተሸንፎ በአሶሺየትድ ፕሬስ ዝርዝር 20ኛ ሆኖ የጨረሰበትን ዓመት ከሻምፒዮንነቶቹ ይቆጥረዋል። የመካከለኛው ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ በ2017 አንድም ሳይሸነፍ ለፍጻሜው ውድድር ሳይመረጥ ሲቀር፣ ሻምፒዮን ነኝ ብሎ ራሱን አወጀና ዲዝኒ ወርልድ ውስጥ የድል ሰልፍ አደረገ። ቦታው በሚገባ ተመርጧል።

ማኅበሩ ዋንጫ ባይሰጥም መሰረዝ ግን ይችላል። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በጃንዋሪ 2005 ኦክላሆማን 55 ለ 19 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ኋላ ኮከቡ ሬጂ ቡሽ ያልተፈቀደ ጥቅም አግኝቷል ተብሎ ድሉ ተሰረዘ። ኦክላሆማ ግን አሸናፊ አልተባለም። ስለዚህ ጨዋታው ተካሂዷል፣ ኦክላሆማ ተሸንፏል፣ ያሸነፈው ግን የለም። ቡሽ በ2010 የተወውን የሃይስማን ሐውልት በ2024 መልሰው ሰጡት። ስለ ተጫዋቾች ገንዘብ ያለው ሕግ ተለውጦ ነበርና።

ከተሳፋሪዎቹ ሁሉ ብዙ የሚናገረው የአላባማው ነው። ሴባን የሚለውን ስም ያነሣል። በ2006 ኒክ ሴባን የፕሮፌሽናሉ ቡድን የማያሚ ዶልፊንስ አሠልጣኝ ሳሉ ኳስ ወርዋሪውን ድሩ ብሪስን ሊያስፈርሙ ፈልገው ነበር፤ የክለቡ ሐኪሞች የተጎዳ ትከሻውን ተጠራጠሩት። ብሪስ ኒው ኦርሊንስ ሄዶ ኋላ የፕሮፌሽናሎቹን ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውልን፣ አሸነፈ። ሴባን ደግሞ በጃንዋሪ 2007 ማያሚን ትተው አላባማ ገቡና ስድስት ጊዜ ሻምፒዮን አደረጉት። ሐኪሞቹ ትከሻውን ቢያምኑት ኖሮ የአላባማ ሰው ዛሬ በጸጥታ ይሳፈር ነበር። ተሳፋሪው ይህን ሲተርክ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ስለ ሌላ ሰው ትከሻ እንዲህ በፍቅር የሚያወራ ሰው አጥኚው አላየም።

ያው ሰው ግን ስለ 2013 ሲጠየቅ ዝም ይላል። ኖቬምበር 30 ነው፤ ናይጄሪያ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋን ከዓለም ዋንጫ ካስቀረችን ልክ ሁለት ሳምንት፤ አጥኚው ራሱ «ኖሮ» ላይ ተጥዶ የከረመበት ሰሞን። አላባማና ኦበርን 28 እኩል ናቸው፣ ሰዓቱ አልቋል። ሴባን አንድ ሰከንድ ቀርቷል ብለው ተከራከሩ፤ ዳኞች ቪዲዮ አይተው አንድ ሰከንድ መለሱላቸው። በዚያች ሰከንድ አላባማ ከ57 ያርድ ለጋ፣ ኳሷ አልደረሰችም፣ የኦበርኑ ክሪስ ዴቪስ ከሜዳው ጥግ ይዟት እስከ ማዶ ሮጠ። 34 ለ 28። ያቺን ሰከንድ ለምነው ባያገኟት ኖሮ ጨዋታው ወደ ጭማሪ ሰዓት ይሄድ ነበር። የአላባማ ሰው ይህን አያነሣውም፤ ያነሣው እንደሆነ «ኖሮ»ዋ የምትወድቀው በገዛ አሠልጣኙ ላይ ነው። የኦበርን ሰው ግን አንድ ቀን ከኋላ ወንበር ሆኖ ሲተርክ፣ አጥኚው በአማርኛ ሲተረጉመው «እንኳን ለመነ» የሚል ሆኖ አገኘው። የጥናቱ ትልቁ ግኝት ይህ ነው፦ ተሸናፊ «ኖሮ» ይላል፣ አሸናፊ «እንኳን» ይላል፤ ከዚህ ወጥቶ የተናገረ ናሙና አልተገኘም።

የመጨረሻው ጉዳይ መጥረቢያ ነው። ስታንፎርድና ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ በየዓመቱ ሲገጥሙ አሸናፊው አንድ አሮጌ መጥረቢያ ይወስዳል፤ መጥረቢያው የተሰካበት ሰሌዳ ላይ የየዓመቱ ውጤት ተጽፏል። በ1982 ኖቬምበር 20 ስታንፎርድ 8 ሰከንድ ሲቀር ሰዓት አስቁሞ ለጋና 20 ለ 19 መራ። 4 ሰከንድ ቀረ። ሰዓቱን 4 ሰከንድ ሲቀር አስቁመውት ቢሆን ኖሮ በዚያ ምት ጨዋታው ያልቅ ነበር፤ ይህ «ኖሮ» ስንት ሰው እንቅልፍ እንደነሣ ጥናቱ መቁጠር አልቻለም። የበርክሊ ልጆች ኳሷን አምስት ጊዜ ወደ ኋላ እየተቀባበሉ ሮጡ። ጨዋታው ያለቀ የመሰለው የስታንፎርድ ማርሽ ባንድ ከነመሣሪያው ሜዳ ገብቷል። የመጨረሻው ሯጭ በባንዱ መሐል ሰንጥቆ አልፎ መስመሩን ሲሻገር አንድ ትሮምቦን ነፊ ላይ ወደቀ። 25 ለ 20።

ስታንፎርዶች እስከ ዛሬ ከተጫዋቾቹ የአንዱ ጉልበት መሬት ነክቷል ይላሉ። ብለውም አልቀሩም። መጥረቢያው እነሱ ጋር በሆነ ጊዜ ሁሉ ሰሌዳው ላይ የ1982ን ውጤት ለውጠው ስታንፎርድ 20 ለ 19 ያደርጉታል። በርክሊ ሲያሸንፍና መጥረቢያውን ሲወስድ ደግሞ 25 ለ 20 ተብሎ ይመለሳል። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች የኖቤል ተሸላሚ ሞልቶባቸዋል፤ ነገሩን በሌላ መንገድ ለመፍታት የሞከረ የለም።

ጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር ነው። አንባቢ የ1982ን ውጤት ማወቅ ከፈለገ የዘንድሮውን ጨዋታ ይጠብቅ።