ዲኤክሷ ኤቢኤስ ይገባታል

ደብረ ታቦር ውስጥ «ጎማ ቀይር» የሚል መካሪ ሞልቷል። የፍሬን ሸራህ አልቋል፣ ዘይቱ ጠቁሯል፣ የኋላው ታምቡር ተበልቷል የሚልም አይጠፋም። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ሐሳባቸው ግን አጭር ነው። እኔ በ1982 እ.ኤ.አ. ለተሠራችው ኮሮላ ዲኤክሴ የወሰንኩላት ኤቢኤስ ነው። ውሳኔዬ በየሻይ ቤቱ ሲሳቅበት ስለሰነበተ ዛሬ በጽሑፍ ልሟገትለት ተነሥቻለሁ።

መጀመሪያ ስለ መኪናዋ። ክብደቷ አንድ ቶን አይሞላም። ፊቷ ዲስክ ኋላዋ ታምቡር ነው። ጠዋት ጠዋት ለመነሣት ልመና ትፈልጋለች። ፍሬኗ አይዝም የሚሉ ያሟታል፤ ይይዛል። ችግሩ ከያዘ አይለቅም። አጥብቄ ስረግጠው የፊት ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ የማትቆመው መኪናዋ ናት። መሪውን ቀኝ ባዞረው ግራ ባዞረው ለእሷ አንድ ነው፤ የማይሽከረከር ጎማ መሪ አይሰማም። ይህን ያወቅሁት ሐምሌ ውስጥ፣ ከክምር ድንጋይ ከተማ ስመለስ ነው። የጉና ተራራ በረዶ አስፋልቱን ነጭ አልብሶታል፤ ከፊቴ ድንች የጫነ አይሱዙ ያዘግማል። ያተረፈኝ የመንገዱ ዳር ቦይ ነው። በዚሁ አጋጣሚ ቦዩን አመሰግናለሁ።

ኤቢኤስ የተፈጠረው ጎማ እንዲህ እንዳይቆልፍ ነው። በየጎማው አጠገብ ጥርስ ያለው ቀለበት ይታሰራል፤ ጥርሶቹ ሲያልፉ የሚቆጥር ሴንሰር ይቀመጥለታል። አንዱ ጎማ ከጓደኞቹ ተለይቶ በድንገት መፍዘዝ ሲጀምር ኮምፒውተሩ ሊቆም መሆኑን ያውቅና የዚያን ጎማ የዘይት ግፊት በቫልቭ ቀነስ ያደርግለታል። ጎማው ነፍስ ሲዘራ ደግሞ ግፊቱን ይመልስበታል። ይህን ያዝ ለቀቅ በሰከንድ እስከ 15 ጊዜ ይደጋግመዋል፤ ፔዳሉ ከእግር ሥር ሲንዘፈዘፍ ይሰማል። ጎማው ስላልቆመም መሪ ይታዘዛል። የድሮ ሾፌሮች ይህንኑ በእግራቸው ይሠሩት ነበር፤ ረገጥ ለቀቅ፣ ረገጥ ለቀቅ። ጎበዝ የተባለው በሰከንድ ሦስቴ ቢሞላለት ነው። እኔ የጉና ብርድ ያደነዘዘው እግር ይዤ አንዴ እረግጥና የቀረውን ለደብረ ታቦሩ ኢየሱስ እተወዋለሁ።

«ለእሷ ዘመን አይሆንም» የሚሉም አሉ። ሐሰት ነው። የአውሮፕላን ጎማ እንዳይቆልፍ የሚያደርግ መሣሪያ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ እንግሊዞች ሠርተውታል። ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ኮምፒውተር ያለውን ኤቢኤስ ለመርሴዲስ የገጠመው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ዲኤክሷ ስትወለድ ኤቢኤስ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ማለት ነው። ወንድምና እኅትን ማገናኘት ከመቼ ወዲህ ነው እብደት የሆነው?

«ለአንዲት አሮጌ መኪና ይህ ሁሉ ልፋት ምን ይሠራል?» የሚለውን ግን በዝምታ አላልፈውም፤ የሚጠይቁኝ ሰዎች ጋፋት አፍንጫቸው ሥር ያለች የደብረ ታቦር ልጆች ናቸውና። ዐፄ ቴዎድሮስ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን አውሮፓውያን ጋፋት ላይ ሰብስበው መድፍ ሥሩልኝ ሲሏቸው፣ እነዚያም የመካሪ ወግ ነው የያዙት፤ አናውቅበትም አሉ። ንጉሡ ግን ሸራ በመቀየር የሚረኩ ሰው አልነበሩም። በ1859 ዓ.ም. ከእነዚሁ አውሮፓውያን ቫልድማየርና ባልደረቦቹ ሰባስቶፖል የተባለውን መድፍ አቅልጠው ሠሩ፤ ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል። የእኔ ኤቢኤስ ከነሽቦው ከነኮምፒውተሩ ግማሽ ኩንታል አይሞላም።

በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ መድፉ በሠረገላ ተጭኖ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሣ። መንገድ ስላልነበረ መንገዱ ከፊት ከፊት ይጠረግ ነበር፤ ድንጋይ ሲፈነቀል፣ ገደል ሲሞላ፣ ንጉሡ ራሳቸው ሲቆፍሩ። ከጋይንት ወደ ዋድላ፣ ከዋድላ ወደ ጅጣ ገደል፣ ከዚያ ደላንታ፣ ከዚያ በሽሎ። ሰባስቶፖል ፍሬን አልነበረውም። ዳገቱን ከፊት የሚጎትተው፣ ቁልቁለቱን ከኋላ በጠፍር ወጥሮ የሚይዘው በመቶ የሚቆጠር ሰው ነበረው። ሠረገላው ሲፈጥን ይይዛሉ፣ ሲገትር ይለቃሉ፤ ሲፈጥን ይይዛሉ፣ ሲገትር ይለቃሉ። ይህ ከቦሽ ሥራ በምን ይለያል? በሰከንድ 15 ጊዜ ባለመሆኑ ብቻ ነው። መነሻ ሐሳቡ ከጋፋት ነው ብዬ እስከ መከራከር ግን አልሄድም፤ ነገር ማጋነን አልወድም።

መድፉ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶ መቅደላ ደረሰ። ከእንግሊዞች ጋር በተደረገው ጦርነት ዕለት ድምፁ አልተሰማም፤ ዛሬም እዚያው አምባ ላይ ተቀምጧል። (የውጊያው ሜዳ ስም አሮጌ መሆኑን ልብ ይሏል። እኔ ከዲኤክሴ ጋር አያይዤዋለሁ።) ሳይተኩስ ቀረ ብሎ የሚስቅበት ሰው ግን አላየሁም። እንዲያውም አዲስ አበባ ላይ በንጉሡ ስም በተጠራው የቴዎድሮስ አደባባይ አምሳያው ቆሞለታል። ለእኔ አደባባይ ይሰጠኝ አላልሁም፤ ሻይ ቤት ስገባ ሣቁን ቢቀንሱልኝ ይበቃኛል።

የመንግሥትም ሐሳብ ከእኔ ጋር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ ትልቅ ሞተር ያለው መኪና ከውጭ የሚያስገባን ሰው እስከ 500 በመቶ አስከፈለ። በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ጭራሹን ቀረ፤ የሚገባው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው ተባለ። አሮጌ አይግባ ከተባለ ቀድሞ የገባው አሮጌ ቅርስ ሆነ ማለት አይደለም? አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ኤቢኤሳቸውን ይዘው ይመጣሉ። እሱ ምኑ ያኮራል? ሲወለዱ ያገኙት ነው። የእኔዋ 40 ዓመት አልፏት ጥርስ ልታበቅል ነው።

ጉናም የራሱን ግብር ይቆርጣል። ተራራው ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱ ትከሻውን ይዞ ሲሻገር አየሩ ስስ ይሆናል። እግርን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው ሞተሩ በሚስበው ባዶና በውጭው አየር ግፊት ልዩነት ስለሆነ፣ የውጭው አየር ሲሳሳ እርዳታውም ይሳሳል። አዳማ ላይ በጣቴ የሚያዝ ፍሬን እዚህ ተረከዝ ይጠይቃል።

ይህን ሁሉ ለመካኒኬ አስረዳሁት። ሰው አክባሪ ወጣት ነው፤ እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ እርሳስ ከጆሮው ላይ አውርዶ በካርቶን ላይ ይቆጥር ጀመር። አራት ሴንሰር። አራት ባለ ጥርስ ቀለበት። ቀለበቱን የሚሸከሙ ሌላ ኩሽኔታዎች፤ የዲኤክሷ ቦታ የላቸውምና። የኋላው ታምቡር ለሴንሰር ስለማይመች የኋላው አክሰል በሙሉ። ባለ ቫልቩ ሳጥን ከነፓምፑ። ኮምፒውተሩ። አዲስ የዘይት ቧንቧ። የሽቦ መዓት። ይህ ሁሉ ከአንድ የተጋጨ መኪና ላይ ይፈታል።

«ጋሼ፣» አለ ካርቶኑን እያየ፣ «ይህን ሁሉ ፈተን ከምንገጥም የእርስዎን ታርጋ ብቻ ፈተን እዚያኛው መኪና ላይ ብንገጥመው አይቀልም?»

«ሕገ ወጥ ነው» አልሁት።

«ይሄኛውስ?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም፤ ሥራውን የሚወድ ሰው በጥያቄ አይደናቀፍ።

አንድ ሥጋት ግን ደብቆ አላለፈኝም። ኮምፒውተሩ የተለካው ለዚያኛው መኪና ነው፤ ለክብደቱ፣ ለጎማው፣ ለፍሬኑ። ዲኤክሷ ውስጥ ገብቶም ያኛው መኪና ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ይህን እንደ ጉድለት አልቆጠርሁትም። የተሾመበትን መሥሪያ ቤት ሌላ መሥሪያ ቤት እየመሰለው በሰላም ጡረታ የወጣ ስንት ሰው አለ።

አቋራጭም አይቻለሁ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ኤቢኤስ ነው ተብሎ ለአሮጌ መኪና የሚሸጥ ዕቃ ነበር። ሴንሰር የለው፣ ኮምፒውተር የለው፤ የፍሬን ዘይቱ መስመር ላይ የሚገባ፣ ውስጡ ላስቲክ ያለው ነገር ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የንግድ ኮሚሽን ይህ ኤቢኤስ አይባልም ብሎ ስሙን ከለከለ። እኔ ክብሬን እጠብቃለሁ፤ ላስቲክ አልገጥምም።

የተቃዋሚዎቼ ጠንካራ ክርክር የፒስታው ነው፤ አልሸሸውም። ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ ገጠር ሲገቡ መንገዱ ጠጠር ነው። ጠጠር ላይ የቆለፈ ጎማ ከፊቱ ጠጠሩን ይቆልለውና ቁልሉ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። ኤቢኤስ ያለው ግን እየተንከባለለ ቁልሉን ይሻገራል፤ ስለዚህ ለመቆም ይረዝምበታል። እውነት ነው፣ ይረዝምበታል። ግን በፋርጣ ገጠር በድንገት የሚቆም ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? እንዴት አደራችሁ፣ ከብቱ ደህና፣ አዝመራው ደህና ሳይባል? ዲኤክሷ መሪዋ እየታዘዘ፣ በጎቹን በቀኝ፣ እረኛውን በግራ እያለፈች፣ ሰላምታውን ጨርሳ ትቆማለች።

ዳገቱን በተመለከተ ክርክርም የለም። ኤቢኤስ ፍጥነቱ በጣም ሲያንስ ራሱን ያገልላል። ዲኤክሷ ጉናን ስትወጣ ከበቅሎ ጋር ስለምትጨዋወት ያን ጊዜ ዕረፍት ያደርጋል።

አንድ ጎረቤት አሉኝ፤ በወጣትነታቸው ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ፤ ቻይናዎች ያወጡትን የወረታና የወልድያ መንገድ በአቧራው ዘመን ያውቁታል። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁ። «ኤቢኤስ የምትለው እኔ ነበርሁ፣ ልጄ። ሾፌሩ ‹ታኮ!› ሲል ታኮዬን ይዤ እወርድና ከጎማው ሥር እሸጉጣለሁ። ልቀቅ ሲል እነቅላለሁ። ያዝ ሲል እሸጉጣለሁ።»

«በሰከንድ ስንት ጊዜ፣ አያ?»

ጣታቸውን አዩ። ከቀኝ እጃቸው አንዱ አጭር ነው። «አንዴ ብቻ ነው የዘገየሁት» አሉኝ።

ሥራው ተጀምሯል። ገንዘቡ ለጊዜው የበቃው ለዳሽቦርዱ መብራት ነው፤ ቢጫ ክብ፣ መካከሉ ላይ ሦስት ፊደል። በደንቡ ይህ መብራት ቁልፍ ሲዞር ይበራና ሁሉ ደህና ከሆነ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይጠፋል። ሳይጠፋ ከቆየ «በእኔ አትመኩ» ማለቱ ነው። ኤቢኤስ ይዘው ከተወለዱት መኪኖች መካከል ሴንሰሩ ጭቃ በልቶት መብራቱ አልጠፋ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ባለቤቶቹ በላዩ ላስተር ይለጥፉበታል፣ ሊሸጡት ሲሉ ደግሞ አምፖሉን ያስነቅላሉ። የእኔን ማንም አልሸፈነውም። መካኒኩ ከባትሪው በቀጥታ ስቦ አገናኘልኝ።

ከተገጠመ ሦስት ወሩ ነው። በበረዶ፣ በጉም፣ በክምር ድንጋይ ቁልቁለት አይቼዋለሁ። እስከ ዛሬ አንድም ቀን አልጠፋም።