ለአራት ቀን ዕረፍት የሁለት ወር ድካም

ኧረ ስንቱን ልቻል! አራት ሰው፣ አንድ መኪና፣ አራት ቀን፤ ሐሳቡ ይኸው ብቻ ነበር። ከፍራንክፈርት ሊዝበን በርሮ መኪና መከራየት፣ ወደ ምሥራቅ ወደ አሌንቴዦ ገጠር ገብቶ ኤቮራ ላይ አንድ ሌሊት ማደር፣ ከዚያ ወደ ውቅያኖሱ ወርዶ ሁለት ሌሊት ማዕበል እየሰሙ መተኛት። ባለቤቴ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ሰው ናት። ከፖርቱጋል የፈለገችው ማንም የማይቀሰቅሳት ጠዋት ነበር እንጂ ሌላ አልጠየቀችም። ለዚህች አራት ቀን ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ የወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ተጎልተን ዋጋ ስናወዳድር፣ ካርታ ስናይ፣ ስንከራከር ከረምን። ከእናንተም መካከል ይህ ያልደረሰበት ያለ አይመስለኝም።

የመጀመሪያው ጣጣ መኪናው ነው። ታናሽ ወንድሜ ከዋሽንግተን መጥቶ ሊቀላቀለን ነበር፤ አሜሪካ ሃያ ዓመት ሲነዳ ፍሪሲዮን ረግጦ አያውቅም። መሪውን እየተቀባበልን እንንዳ ካልን አውቶማቲክ መኪና መያዝ ግድ ሆነ። ርካሹ የኪራይ መኪና ደግሞ ማንዋሉ ነው፤ አውቶማቲኩ ጥቂት ነው፣ ዋጋውም የተሰቀለ። ይሁን ብለን ከፈልን። አየር ማረፊያው ስንደርስ ግን ከአንድ ሰዓት ተኩል ወረፋ በኋላ ቀድመን የገዛነው ኢንሹራንስ እዚህ አይሠራም ተባልን። ወይ የእነሱን እንገዛለን፣ ወይ ከአንድ ሺህ ዩሮ በላይ መያዣ ከክሬዲት ካርዳችን ላይ ይታገዳል። ካርዱም በዋናው ሾፌር ስም የወጣ መሆን አለበት፤ የባለቤቴ ካርድ አይሆንም፣ የእኔ ዴቢት ካርድም አይሆንም። ከኋላችን የቆሙት ሰዎች ሲቁነጠነጡ ይሰማኛል። ሰው ሲደክመውና ሲያፍር የተባለውን ይፈርማል፤ እኔም ክሬዲት ካርዴን አውጥቼ መያዣውን ፈረምኩ። ከዚያ የመኪናውን ዙሪያ ጭረት እየፈለጉ በስልክ መቅረጽ አለ፤ ያልቀረጹት ጭረት ሲመልሱ የራስዎ ይሆናልና።

የመንገድ ክፍያው ሌላ ራስ ምታት ነው። አንድ ወዳጃችን፣ “ካሜራ ነው የሚያነሳችሁ፤ ከቀናት በኋላ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ ካልከፈላችሁ ቅጣቱ ይከተላችኋል” ብሎ አስፈራራን። ሌላዋ፣ “ነፃ ሆኗል፣ ምን ያስጨንቃችኋል?” አለች። ሁለቱም አልዋሹም። በአልጋርቭ የሚያልፈው ኤ22 ነፃ መንገድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2011 ክፍያ ተጣለበት፤ ከፋይ የሚቆምበት በር ሳይኖረው ከላይ የተሰቀለ ካሜራ ሰሌዳ ያነብ ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ከሌሎች መሰል መንገዶች ጋር ክፍያው ተነሳ። ከሊዝበን ወደ ደቡብ የሚወርደው ኤ2 እና ወደ ኤቮራ የሚወስደው ኤ6 ግን ዛሬም ያስከፍላሉ። እዚያ ቲኬት ተቀብለው ገብተው ሲወጡ ይከፍላሉ፤ አረንጓዴው መስመር የክፍያ መሣሪያ ለገጠመ መኪና ብቻ ነው፤ በስሕተት ከገቡበት መመለሻ የለም። በሊዝበን ታላቁ የ25 አፕሪል ድልድይ ላይ ደግሞ ወደ ደቡብ ሲወጡ የሚጠይቅዎ የለም፣ ወደ ከተማዋ ሲገቡ ይከፍላሉ። አንድ ሰው ይህን ሁሉ በቃሉ አጥንቶ ነው እንግዲህ ዘና ሊል የሚሄደው። እኛ መሣሪያውን ተከራየን፤ ለእያንዳንዱ ቀን ኪራይ ተቆጠረበት። ከተመለስን ከሳምንታት በኋላ “አገልግሎት” የሚል ሌላ ሒሳብ ከካርዴ ላይ ተቆርጦ አገኘሁት። ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ መልስ የለም።

እነዚህን እንኳ ሰው ይችላቸዋል። እኔን አንጀቴን ያሳረረኝ ግን የቦታው ዝርዝር ነው።

አራት ቀን ማለት ሦስት ሌሊት ነው። ከዚያ ላይ መድረሻውና መመለሻው ግማሽ ግማሽ ቀን ይበላሉ። ሁለት ማደሪያ በቂ ነው ብለን ተስማምተን ነበር። ወንድሜ ይደውላል፤ “ጋሼ፣ እዚያ ድረስ ሄደን ፖርቶን ሳናይ እንመለሳለን?” ፖርቶ ከሊዝበን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ነው፤ እኛ የምንሄደው ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ። የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ሲንትራን ያላየ ፖርቱጋልን አላየም አለቻት። ታላቅ እህቴ እትዬ የግንቦት ልደታን አክብረው ከአዲስ አበባ በመጡ በማግስቱ ፋጢማን አነሱ። እ.ኤ.አ. በ1917 እመቤታችን ለሦስት እረኛ ልጆች ታየች የሚባልበት ቦታ ነው፤ ለእሳቸው እንዴት “ይቅርብዎ” ይባላል? ጉዟችን የዋለው ደግሞ በግንቦት 5 ሰሞን ነው፤ ይህ በፈረንጆቹ ሜይ 13 የዋናው በዓል ቀን ስለሆነ ከመላ ሀገሪቱ በእግሩ የሚጓዘው ምእመን መንገድ ዳሩን ይሞላዋል። “እሱማ ይበልጥ ደስ ይላል” አሉ እትዬ። እውነታቸውን ነበር፤ እኛ ግን ቀን የለንም። ይህን ለታላቅ እህቴ መንገር የሁለት ወሩ ከባዱ ምሽት ነበር።

እኔም ከጥፋቱ ነፃ አይደለሁም። ሲኔስ ካላየሁ አልኩ። ቫስኮ ዳ ጋማ የተወለደባት የባሕር ዳር ከተማ ናት። ልጁ ክሪስቶቫው እ.ኤ.አ. በ1541 አራት መቶ ወታደር ይዞ በምጽዋ በኩል ሀገራችን የገባው፣ በ1542 ወፍላ ላይ ተሸንፎ በግራኝ አሕመድ እጅ አንገቱ የተቀላው ነው። ከሞት የተረፉት ጓደኞቹ በቀጣዩ ዓመት ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ወይና ደጋ ላይ ተሰልፈዋል። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬ የአባቱን አገር ደጃፍ ሳልረግጥ ማለፍ አልሆነልኝም። ስለዚህ ሲኔስ ገባች። እሷ ስትገባ ወንድሜም “እንግዲያው ሳግሬስ” አለ፤ የአውሮፓ ደቡብ ምዕራባዊ ጫፍ። ከምናድርበት ከቪላ ኖቫ ዴ ሚልፎንቴስ በጠመዝማዛ መንገድ ደርሶ መልስ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሁላችንም የየራሳችንን አንዳንድ ቦታ ስንጨምር ከባለቤቴ ጠዋቶች ላይ እየቆረስን እንደነበር ያየ የለም። እሷም አልተናገረችም።

የገጠሩ ከተማ ሲያዩት ልብ ይማርካል፤ ሲገቡበት ግን የተሠራው ለበቅሎ ነው። ኤቮራ በግንብ የታጠረች፣ በመሐሏ የሮማውያን ቤተ መቅደስ ዓምዶች የቆሙባት ከተማ ናት። ከግንቡ ውጪ ሰፋፊ ማቆሚያ አለ፤ ማንም አልነገረንም። ስልካችን “ወደ ግራ” ባለ ቁጥር እየታጠፍን ውስጥ ለውስጥ ገባን። ኮብልስቶኑ ከመለስለሱ የተነሳ ጎማ ያንሸራትታል፤ ግድግዳው ከሁለቱም ወገን ወደ መኪናው የተጠጋ ይመስላል። ስፖኪዮዎቹን አጥፈን፣ ወንድሜ ወርዶ ወደፊት እየመራኝ፣ ከኋላ አንድ የዳቦ መኪና እየጠበቀን፣ ያችን መንገድ ለማለፍ ሩብ ሰዓት ፈጀብን። ያ ከአንድ ሺህ ዩሮ በላይ የሆነ መያዣ ከዓይኔ አልጠፋም። ወደ መንደሮቹ መግቢያ ላይ ደግሞ ከ50 በላይ ሲነዱ ራሱን ወደ ቀይ የሚቀይር መብራት አለ፤ ይህንንም ያወቅነው ባዶ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ከቆምን በኋላ ነው። ማደያ ላይ “ጋዞሊዮ” የሚለው ናፍጣ ነው፣ “ጋዞሊና” ደግሞ ቤንዚን። በድካም ዓይን ሲያነቧቸው ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለጥቂት ነው የተረፍነው።

ምግቡ! በዓለ ሃምሳ ስለነበር ጾም የለም፤ እትዬን ምን እናብላ የሚለው ጭንቀት ቀርቶልናል ብዬ ተደስቼ ነበር። ነገር ግን ገጠር ውስጥ ምሳ በእኛ አቆጣጠር ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ እስከ ዘጠኝ ነው፤ ከዚያ ምድጃው ይጠፋል፤ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ የሚያበስል የለም። ሰኞ ብዙው ዝግ ነው፤ እኛ ሞንሳራዝ የደረስነው ሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ። ኮረብታ ላይ ያለች ነጭ መንደር ናት፤ መኪና ከቅጥሩ በር ውጪ ይቆማል። ከታች እ.ኤ.አ. በ2002 የግድቡ በሮች ተዘግተው የሞላው የአልኬቫ ሐይቅ እስከ ዓይን ዳር ተንጣሏል። ያንን የመሰለ ቦታ ላይ ቆመን የምንነጋገረው ስለ ብስኩት ነበር። እትዬ ምንም አላማረሩም፤ ከቦርሳቸው ቆሎ አውጥተው አካፈሉን። በማግስቱ በጊዜ ደርሰን የበላነው አሶርዳ የተባለው የገበሬ ሾርባ፣ ደረቅ ዳቦ በነጭ ሽንኩርት፣ በድንብላል ቅጠልና በወይራ ዘይት፣ እንቁላል ከላይ፣ የጉዞው ምርጥ ማዕድ ሆነ።

ስለ ኩቬሩም ልናገር። እንደተቀመጡ ዳቦ፣ ወይራ፣ አይብ ሳያዝዙ ይመጣል፤ ከነኩት ይከፍላሉ፣ ካልፈለጉት ይመልሱታል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የሀገሬው ሰውም ሳይከብደው “ይነሳልን” ይላል። እኛ ዘንድ ግን ፊትህ የቀረበን እህል መመለስ ነውር ነው። እትዬ በየቦታው እየመረቁ በሉ፤ እኔም በየቦታው ሒሳቡ ላይ ሲደመር አየሁ። ለእሳቸው መንገር አልቻልኩም፤ እስካሁንም አልነገርኳቸውም።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ወደ ባሕሩ ስንወርድ መንገዱ በቡሽ ዛፎች መካከል ያልፋል። የዓለም ቡሽ ግማሽ ያህሉ ከፖርቱጋል ነው የሚወጣው። ዛፉ ወደ ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላው አይነካም፤ አንዴ ከተላጠ በኋላ ቅርፊቱን መልሶ እስኪያለብስ ዘጠኝ ዓመት ይተዉታል። እንዳይረሳም የተላጠበት ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ግንዱ ላይ በነጭ ቀለም ይጻፋል። ከታች የተላጠው ግንድ እንደ ቀይ አፈር ነው፣ ከላይ ግራጫ። ባለቤቴ፣ “እዚህ ቁም፤ ከጥላው ሥር ትንሽ እንቀመጥ” አለችኝ። ሰዓቱን አየሁ። ሲኔስ ሳይመሽ ሊደረስ ነው፣ ምሳ ስምንት ተኩል ላይ ሊዘጋ ነው። “ስንመለስ” አልኳት። የምንመለሰው በሌላ መንገድ መሆኑን እኔም እሷም እናውቅ ነበር።

ሲኔስንም አየኋት። ከቤተ መንግሥቱ ግንብ ሥር የቆመው የቫስኮ ሐውልት ወደ ባሕሩ ያያል፤ ከወደቡ ባሻገር የነዳጅ ማጣሪያው ጭስ ማውጫዎች ቆመዋል። ሃያ ደቂቃ ቆየን። ባሕር ዳር ስንደርስ የሰሜኑ ነፋስ አሸዋ እያነሳ ፊት ይጋረፋል፤ ውሃው እግር ያደነዝዛል። ሳግሬስ በመጨረሻ ቀረ፤ ወንድሜ ግማሽ ቀን አኩርፎ ዋለ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ካቦ ሳርዳው ወረድን፤ ከማደሪያችን ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ከገደሉ ጫፍ ቁልቁል ሲያዩ፣ ከባሕሩ መሐል በወጡ የድንጋይ ዓምዶች አናት ላይ ሽመላዎች ጎጆ ሠርተዋል። በቤት ጣሪያና በደወል ማማ ላይ ያየናቸው እነዚያው ነጭ ሽመላዎች፣ እዚህ ከሥራቸው ማዕበል እየተመታ ጫጩቶቻቸውን ያበላሉ። ባለቤቴ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። እትዬ ነጠላቸውን ደርበውላት አጠገቧ ተቀመጡ። ማንም አልተናገረም። በአራት ቀን ውስጥ የመጀመሪያው ጸጥታ ነበር።

ሃያ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ወንድሜ ስልኩን አየ። መኪናው እስከ ስምንት ሰዓት ሊመለስ ነው፣ ከዚያ በፊት ታንከሩ ሊሞላ ነው፣ ሊዝበን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ የድልድዩም ወረፋ አይታወቅም። “አሁን ገና መድረሳችን እኮ ነው” አለች ባለቤቴ፤ ከዚያ ተነሳች። መኪናው ውስጥ ራሷን መስታወቱ ላይ አስደግፋ እስከ ድልድዩ ድረስ ተኛች። ፍራንክፈርት የገባነው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ በማግስቱ ማታ ፈረቃ ነበራት።