ቤት ሸጦ ጎማ

ድሮ ሰው ሲሸመግል ይቀመጥ ነበር። ደጃፉ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ ከዘራውን ተደግፎ። አላፊ አግዳሚው «እንዴት አደሩ» ሲለው እሱ ባለበት ሆኖ ይመልሳል። አሁን ነገሩ ተገለባበጠ፤ አላፊ አግዳሚው ራሱ ሽማግሌው ሆነ። እዚህ አሜሪካ ስድሳና ሰባ የሞላቸው ሰዎች ቤታቸውን ሸጠው፣ ዕቃቸውን ለልጆቻቸው አከፋፍለው፣ አልጋና ምድጃ የተገጠመለት መኪና ውስጥ ገብተው መንገድ ለመንገድ ይኖራሉ። ፈረንጅ ሲያደርገው «የራሱ ጉዳይ» ብዬ አልፌ ነበር። ሻምበል ሲያደርገው ግን ዝም የሚል አንጀት አጣሁ።

ሻምበል ዋሽንግተን ውስጥ አብሮኝ ታክሲ የነዳ ሰው ነው። ሒሳቡ በዞን በነበረበት ዘመን አብረን ሠርተናል፤ በ2008 ሜትር ሲገባም አብረን ተንጫጭተናል። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ነገር ነበር የሚለው፦ «ጡረታ ልውጣ እንጂ መሪ በእጄ አልነካም።» ጡረታ ወጣ። ሲልቨር ስፕሪንግ የነበረውን ቤቱን ሸጠና ታክሲውን ሁለት ጊዜ የሚያህል፣ አር.ቪ. የሚሉትን ያንኑ ባለአልጋ መኪና ገዛ። በአንድ ጋሎን ቤንዚን ስምንት ማይል፣ ቁልቁለት ከሆነ ዘጠኝ። ታክሲ ነጂ የነበረ ሰው ይህን ሰምቶ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?

«አንድ ጊዜ አብረኸን ውጣና ፍረድ» አለኝ። ባለቤቱም «ጋሼ፣ እምቢ እንዳይሉኝ» አለች። እሷ ስትለምን እምቢ አይባልም፤ ሸነንዶዋ የሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ወጣን። ተራራው ያምራል፣ አልክድም። ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው መንገድ 105 ማይል ነው፤ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 35 ነው፣ ሻምበል በ25 ይሄዳል። ሜሪስ ሮክ ከሚባለው ዋሻ ስንደርስ ጭራሽ ቆመ። የዋሻው ከፍታ 12 ጫማ ከ8 ኢንች መሆኑ ተጽፏል። «የኛስ ስንት ነው?» አልኩት። ወረቀት መፈለግ ጀመረ። ከኋላችን የተሰለፈው መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ባለቤቱ ወረቀቱን ከበርበሬው ማሰሮ ሥር አገኘችው። እናልፋለን። አለፍንም፤ ግን ሦስታችንም አንገታችንን ሰብረን ነው ያለፍነው፣ ጣራው አብሮን ዝቅ የሚል ይመስል።

አዳራችን እዚያው ፓርክ ውስጥ፣ ቢግ ሜዶውስ የሚባለው ማደሪያ ነበር። ሻምበል በር ላይ ካርዱን መዥረጥ አደረገ። 62 ዓመት ለሞላው ዜጋና ግሪን ካርድ ላለው ሰው የዕድሜ ልክ ካርድ አለ፤ 80 ዶላር ነው፤ በሁሉም ብሔራዊ ፓርኮች በነፃ ያስገባል፣ ብዙ ቦታ የማደሪያውንም ሒሳብ በግማሽ ይቀንሳል። እስከ 2017 ድረስ 10 ዶላር እንደነበር ሻምበል እስካሁን እየተቆጨ ይናገራል። ቤቱን የሸጠ ሰው በ70 ዶላር ሲቆጭ!

ጠዋት «ና እርዳኝ» ብሎ የጎማ ጓንት ሰጠኝ። ከመኪናው ሆድ ሥር ሁለት ማንሻዎች አሉ፤ አንዱ የጥቁሩ ታንክ፣ ሌላው የግራጫው። ግራጫው የዕቃና የገላ ማጠቢያው ውሃ ነው። የጥቁሩን እናንተ ታውቁታላችሁ። ወፍራም ቱቦ ይገጠማል፤ ጫፉ መሬት ላይ ካለው ቀዳዳ ይገባል፤ መጀመሪያ ጥቁሩ ይሳባል፤ ግራጫው ሁለተኛ ነው፣ ቱቦውን እንዲያጥበው። ይህን ቅደም ተከተል ሻምበል የጦር ዕቅድ እንደሚያስረዳ መኮንን ደረቱን ነፍቶ ነገረኝ። ከዚያ ማንሻውን ሳበ። ቱቦው ተንፈራገጠ። እኔ አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ ወደ ተራራው ዞርኩ። ስንት ወታደር ያዘዘ፣ የልጅ ልጅ ያየ ሰው፣ የሰነበተ ጉዱን በቱቦ እየሸኘ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ነፃነት ማለት ይሄ ነው።»

ክረምት ሲመጣ ደግሞ አሪዞና ይወርዳሉ፤ ኳርትዝሳይት የሚሏት የበረሃ ከተማ። በበጋ ከሙቀቱ የተነሣ ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ የሚቀርባት ናት፤ ብርዱ ሲመጣ ግን ከመላው አሜሪካና ከካናዳ የመጣ ጡረተኛ በመኪና ይሞላታል። ዳርዳሩ የመንግሥት መሬት ነው። በነፃ 14 ቀን ያድሩና ወደ ሌላ ይዛወራሉ፤ አለዚያ ከፍለው ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ እዚያው ይከርማሉ። በከተማዋ መቃብር ላይ በድንጋይ የተሠራ ፒራሚድ አለ፣ አናቱ ላይ ግመል ቆሞበታል። ሀጂ አሊ የሚባል፣ የአሜሪካ ጦር ግመል ለመሞከር ሲያስብ በ1856 ከኦቶማን ግዛት የመጣ ግመል ነጂ ነው የተቀበረው። ፈረንጆቹ ስሙን መጥራት አቅቷቸው «ሃይ ጆሊ» ብለውት ቀረ። ሻምበል ፎቶውን ላከልኝና «አየህ፣ እዚህ አገር መንገደኛ ሐውልት ይሠራለታል» አለኝ። ግመል ነጂ ግመሉን ተከትሎ ነው የሚሄደው፣ አልኩት። የአፋር ሰውም ቢሆን ሣርና ውሃ ፍለጋ ነው ከነዘመዱ የሚንቀሳቀሰው። አንተ ምን ተከትለህ ነው? «ፀሐይ» አለኝ። ፀሐይ እዚህም ትወጣለች!

ሁሉም ግን እንደ ሻምበል አምሮት አይደለም የሚወጣው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ወዲህ ቤቱን ያጣ፣ የሶሻል ሴኩሪቲው ብር የቤት ኪራይ አልሸፍን ያለው ሽማግሌ ብዙ ነው። በሰባ ዓመቱ በጋውን የካምፕ ሽንት ቤት ያጥባል፤ መፀው ላይ ሰሜን ዳኮታ ሄዶ የስኳር ቀይ ሥር ምርት ያራግፋል፤ ለገና ሰሞን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይለቅማል። ጄሲካ ብሩደር የምትባል ጋዜጠኛ በ2017 ስለነሱ «ኖማድላንድ» የሚል መጽሐፍ አወጣች፤ ፊልም ሆነና በ2021 ዋናውን ኦስካር ወሰደ። ፊልሙ ላይ ካሉት ብዙዎቹ ራሳቸውን ሆነው የተጫወቱ የመንገድ ሰዎች ናቸው። ባለቤቴ እያለቀሰች አየችው። ሲያልቅ ዕንባዋን ጠርጋ «መኪናው ግን ያምራል» አለች። ስሰማ ደሜ ቀዘቀዘ።

«ብትታመምስ?» ብዬ ሻምበልን ስሞግተው ለዚህም መልስ አላጣም። ሊቪንግስተን፣ ቴክሳስ ውስጥ ኤስኬፒስ የሚባል በ1978 የተመሠረተ ማኅበር አለ፤ አቅም ያነሳቸው አባላቱ መኪናቸውን አቁመው፣ እዚያው መኪናቸው ውስጥ እየኖሩ የሚረዱበት ግቢ ሠርቷል። እንግዲህ መጨረሻው መቆም ከሆነ ሲልቨር ስፕሪንግ ምን በደለችህ?

ይህን ሁሉ እንኳ በቻልኩት ነበር። የማኅበር ተራው ደረሰ እንጂ። የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አለን፤ ተራ የደረሰው ቤቱ ይደግሳል። ቤት የለህም፣ ተራህን ለሌላ ስጥ ብንለው «ቤቴን ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ከኒው ሜክሲኮ አሌክሳንድሪያ ድረስ ነዳና እኔ ደጅ ገተረው። የመብራቱን ገመድ ከእኔ ጋራዥ ሰካ። ባለቤቱ ምጣዱን ስትጥድ የኔ ብሬከር ዘለለ፤ ጋራዡ ጨለመ፣ ፍሪዘሬም አብሮ ሞተ። ብሬከሩን መለስን፣ ምጣዱ እኛ ቤት ገባ።

አባ መጡ። ጥምጣማቸው ጣራውን እየታከከ፣ ከአናት ካለው አልጋ ሥር ተሸጎጡ። ዳቦው ተባርኮ ጠበል ሊረጩ ሲነሡ ግራ ገባቸው። «ልጄ፣ ቤት ነው ወይስ መኪና? ቤት ከሆነ ግድግዳውን ልርጭ፤ መኪና ከሆነ ጎማውን።» ሻምበል ሁለቱንም አላቸው። ውጭ ወጥተው ስድስቱንም ጎማ ዞሩ። እኛ በየተራ ነበር የምንገባው፤ ግማሻችን ጠላችንን ይዘን አስፋልት ላይ ቆመናል፣ ፖሊስ ያየን እንደሆነ ምን እንደምንል እያሰብን።

ከዚያ ቡና። ቡናው ገና እሽ ሲል፣ ሳይጠቁር፣ የጢሱ ማንቂያ ጮኸ። ሻምበል በፎጣ ያራግባል፣ ባለቤቱ መስኮት ትከፍታለች፣ ማንቂያው ባሰበት። ዕጣኑ ሲጨመርበትማ ጎረቤቶቼ ሁሉ በየበራቸው ወጡ። አንዷ ስልኳን አውጥታ ፎቶ ስታነሣ አይቻታለሁ።

ሳምንት ሳይሞላ የሰፈሩ ማኅበር ደብዳቤ መጣ። ደንቡ በመንገዱ ላይ አር.ቪ. ማቆም ይከለክላል፤ ቅጣት 50 ዶላር፤ የሚከፍለው ባለቤቱ። የመኪናው ባለቤት ማለታቸው አይደለም፣ የቤቱ ነው። ቤት ያለኝ እኔ ነኝ! ደብዳቤውን ለሻምበል ልልክ አድራሻ ፈለግኩ። ያለው ደቡብ ዳኮታ ነው፤ ያቺ ግዛት የፖስታ አድራሻ ተከራይቶ፣ አንድ ሌሊት አድሮ ደረሰኝ ላሳየ መንገደኛ መንጃ ፈቃድ ትሰጣለች። አንድ ሌሊት ወዳደረበት አገር ላክሁለት። እዚያ ያሉት አድራሻ አከራዮች ከፍተው፣ ፎቶ አንሥተው በስልክ ላኩለት፤ እሱም ደወለልኝ።

«ክፈልልኝ ወንድሜ፣ ሴዶና ስንደርስ እልክልሃለሁ።»

ትናንት ባለቤቱ ፎቶ ልካለች። ሴዶናን አልፈው ላስ ቬጋስ ገብተዋል። ባለቤቴም ፎቶውን በጣቷ እያሰፋች መጋረጃውን ከየት እንደገዙት ጠይቅልኝ እያለችኝ ነው።