ቀዝቃዛው ጦርነት በፍል ውሃ

ቅዳሜ ረፋድ፣ ሶደሬ። ሁለት ሽማግሌዎች ፍል ውሃው ውስጥ እስከ አንገታቸው ተነክረዋል። አንደኛው የደብረ ዘይት አየር ኃይል ጡረተኛ ናቸው፤ አሜሪካ ሠልጥነው የመጡ የአውሮፕላን ቴክኒሻን። ሁለተኛው በስድስት ኪሎ የተማሩ፣ ኋላ በናዝሬት ታሪክ ያስተማሩ። ለቁርጥማት ነው የመጣነው ይላሉ። ቁርጥማቱ ምላሳቸው ድረስ አለመድረሱን እኔ ዳር ላይ እግሬን አንጠልጥዬ አረጋግጫለሁ።

ነገሩን የጫሩት አስተማሪው ናቸው። አንድ ደረጃ ወረድ ብለው፣

«አሜሪካ ቬትናም የገባችው ልክ እንዲህ ነው» አሉ። «መጀመሪያ ‹አማካሪ› ብላ ጣቷን ነከረች። ነሐሴ 1956 ምክር ቤቷ ሲፈቅድላት እስከ ወገቧ ገባች። በ1960 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ወታደር አስገብታ እስከ አፍንጫዋ ሰጠመች።»

«አንተም እኮ ገብተህ አልወጣህም» አሉ ቴክኒሻኑ። «ከጠዋት ጀምሮ ተዘፍዝፈሃል። ባቄላ ብትሆን ኖሮ እስካሁን በቆልት ወጥቶህ ነበር።»

«እኔ ስወጣ በደረጃው ነው። ያንተዎቹ ከሳይጎን የወጡት በጣሪያ ነው።»

«ስለ መውጫ አንተ አታውራ! ስድስት ኪሎ ሆ ቺ ሚንን ከቼ ጉቬራ ጋር ገጥመህ ስትዘምር ፖሊስ የመጣ ጊዜ በየት ወጣህ?»

«በሽንት ቤት መስኮት።»

«ለመሆኑ ሆ ቺ ሚን የት አገር እንደሚኖር ታውቅ ነበር?»

«የት እንደሚኖር አላውቅም። አባትህ ርስት ላይ ጭሰኛ እንዳልነበረ ግን አውቃለሁ።»

እዚህ ላይ እኔም ጣልቃ ልግባ። 1967 ዓ.ም. የሚገርም ዓመት ነው። መስከረም 2 ጃንሆይ በቮልስዋገን ተሸኙ፤ የካቲት 25 መሬት የሕዝብ ሆነ ተባለ፤ ሚያዝያ 22 ሳይጎን ወደቀች። ፈረንጅ ይህን ለሁለት ዓመት ያከፋፍለዋል። እኛ በአንድ ካላንደር ጨረስነው፤ ያውም ጳጉሜን ሳንነካ።

ቴክኒሻኑ ደረታቸውን ከውሃው አወጡ። «እኛ ከኮሚኒስት ጋር ስንዋጋ አሜሪካ ቬትናምን በካርታ አታውቃትም ነበር! ከ1943 ጀምሮ ቃኘው ሻለቃ ኮርያ ዘመተ። 121 ሞተው፣ 536 ቆስለው፣ አንድም ሰው አልተማረከብንም።»

«አልተማረከብንም? አንተ ያኔ ሱሪ ታጥቀህ ነበር?»

«አገሬ ታጥቃ ነበር!»

«ቃኘው እኮ የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው» አሉ አስተማሪው፣ ክፍል ውስጥ የገቡ ይመስል ጣታቸውን አንስተው። «አሜሪካ ሁለቴ ጋለበችው። አንዴ በኮርያ፣ አንዴ አስመራ ላይ በሬዲዮ ጣቢያዋ። በ1945 ለ25 ዓመት ነበር የተዋዋለችው። አንድ ዓመት ሲቀራት፣ ሚያዝያ 1969፣ ደርግ ‹ውረጂ› አላት።»

«እሺ፣ እሷ ስትወርድ ኮርቻው ባዶ ቀረ?»

«የት ይቀራል! ሩሲያ እግሯን እርካብ ላይ አድርጋ ስትጠብቅ።»

ከዚህ በኋላ ሜዳው የቴክኒሻኑ ሆነ፤ ሲያወሩ እጃቸው ውሃው ውስጥ ብሎን ይፈታል። በ1969 ክረምት ዚያድ ባሬ ሲገባ የእኛዎቹ በአሜሪካ ኤፍ 5 ተነሥተው የሶማሊያን ሚግ ይጥላሉ፤ ሚጉ የሩሲያ ነው። ኅዳር 1970 ሶማሊያ ሩሲያን አባረረች። የእኛ ሰው፣ ትናንት ሚግ ሲጥል የነበረው፣ ሚግ ሊማር ደብተር ያዘ። «እኔን ተወኝ» አሉ፣ «የመፍቻው ቁጥር እንኳ ተቀየረብኝ! ያቺ በኢንች፣ ይሄኛው በሚሊሜትር።» አሜሪካ ደግሞ ብዙም ሳትቆይ ሩሲያ ከለቀቀችው በርበራ ላይ እግሯን ዘረጋች።

«እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ወንበር ተቀያየሩ በለኛ» አሉ አስተማሪው። «ረዳቱ ‹ሂሳብ!› ሲል ግን ሁለቱም ወደ እኛና ወደ ሶማሌው ጠቆሙ።»

«ደግሞ አንተ ትናገራለህ! ኩባን ማን ጠራው?»

«እኔ ነኛ! እኔ ስድስት ኪሎ በዜማ የጠራሁትን ሰው ነው አንተ ድሬዳዋ ላይ የጨበጥከው። ጠሪው እኔ፣ ተቀባዩ አንተ።»

«ጠርተህ ታዲያ እንግዳህ ሲመጣ ቤትህ አልተገኘህም።»

«በምን እግሬ ልገኝ? የቀበሌ እስር ቤት ነበርኩ።»

ዝም አሉ። ከቧንቧው የሚወርደው ፍል ውሃ ድምፁ ጎልቶ ተሰማ። ቴክኒሻኑ በሁለት እጃቸው ውሃ ዘግነው ጓደኛቸው ትከሻ ላይ ቀስ አድርገው አፈሰሱት፤ ሁለቴ።

ዝምታውን የሰበረችው ጦጣ ናት። ከዛፉ ወረደች፣ በሁለቱ ፎጣዎች መካከል ከተቀመጠው ሳህን አንድ ሳምቡሳ በቀኝ፣ አንድ ሳምቡሳ በግራ አነሣች፣ ወጣች።

«አየሃት?» አሉ አስተማሪው። «ገለልተኛ ናት። ከሁለቱም ወገን ትበላለች።»

«ጃንሆይ ናቸዋ! በአንድ እጃቸው የአሜሪካን መሣሪያ ይዘው፣ በ1951 ሞስኮ ሄደው በሌላው እጃቸው 100 ሚሊዮን ዶላር ብድር ይዘው አልመጡም?»

«የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ የተሠራው እኮ በዚያ ብድር ነው። ቢያንስ ጃንሆይ ሳምቡሳውን ይዘው ዛፍ ላይ አልወጡም።»

«አንተን ግን ዛፍ ላይ አውጥተውህ ነበር።»

«መስኮት ነው አልኩህ እኮ!»

አስተናጋጇ መጣች። «አባባ፣ ሁለት ለስላሳ፣ አንድ ሳህን ሳምቡሳ። ሂሳብ ከማን ልቀበል?»

ሁለቱም ጣታቸውን ከውሃው አውጥተው ወደ እኔ ጠቆሙ።