ደረጃው የማን ነው?

ቤት የገዛ ሰው ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «ስንት ገዛችሁት?» እያለ ይጠይቀዋል። «በወር ስንት ያስወጣችኋል?» ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም። እኔ ጀሞ ላይ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ከገዛን ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። የዛሬው ወጌም ስለ እሱ ነው።

ከግዢው ልጀምር። ባለቤቴ በ2005 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ሲከፈት ለ20/80 ከተመዘገቡት አንዷ ናት። በየወሩ ንግድ ባንክ እየቆጠበች፣ ዕጣ በወጣ ቁጥር የባለዕድለኞችን ዝርዝር በጣቷ እየተከተለች ስሟን ስትፈልግ ዓመታት አለፉ። ከእኛ በፊት በ1997 ዓ.ም. የተመዘገቡ ነበሩ፤ የእኛ ተራ መቼ እንደሚደርስ መገመት አቃተን። ኪራይ ደግሞ ተራ አይጠብቅም። በመጨረሻ ቁጠባዋን አውጥታ ከተራው ወጣች፤ እኔ ከመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ማኅበር ተበደርኩ፤ ዕቁብ ወጣልን፤ የጎደለውን እህት ዓለም ሞላችልን። እንግዲህ የቀረን ሻጭ መፈለግ ነበር።

ደላላው ካሳየን ቤቶች ዋጋቸው ረከስ ያሉት ሁሉ «በውክልና» የሚሸጡ ነበሩ። ዕጣ የደረሰው ሰው አምስት ዓመት ሳይሞላው መሸጥ ስለማይፈቀድለት፣ ገንዘቡን ይቀበልና ለገዢው ውክልና ሰጥቶ ይሄዳል። ገዢው ቤቱ ውስጥ ይኖራል፣ ካርታው በሻጩ ስም ይቀመጣል። ወካዩ የሞተ ዕለት ግን ውክልናውም ያበቃለታል፤ ከዚያ በኋላ በሩን የሚያንኳኩት ወራሾች ናቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዘዘው ለከንቱ አይደለም። በዚህ ሰበብ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ጥሪቱን የጨረሰ ቤተሰብ ስለማውቅ፣ ርካሹን ሁሉ ትተን በስማቸው ካርታ ያላቸው አንዲት እናት ዘንድ ሄድን።

እኚህን እናት መቼም አልረሳቸውም። ደላላው ውሃው በሽ በሽ መሆኑን እየነገረን ሳለ አቋረጡትና፣ «ልጆቼ፣ ውሃው በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ እሱም ሌሊት። ሮቶና ዳይናሞ ሳታዘጋጁ እንዳትገቡ» አሉን። ደላላው ፊቱን አጠቆረባቸው። እሳቸው ግን ቀጠሉ፤ ሊሾው የት ላይ እንደተሰነጠቀ፣ ቆጣሪው ምጣድ ሲጣድበት ለምን እንደሚወድቅ አንድ በአንድ አሳዩን። የቀረባቸውን የባንክ ዕዳ ከእኛ ክፍያ ላይ ከፍለው ክሊራንስ አመጡ፤ ውሉን ተፈራረምን። ያኔ ነው ከቤቱ ዋጋ በላይ ያለው ወጪ የጀመረው። የቴምብር ቀረጥ ሁለት በመቶ፣ የስም ማዛወሪያ፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ ለደላላ ሁለት በመቶ። ለዚህ ያልተዘጋጀ ገዢ ቁልፉን ተቀብሎ ኪሱ ባዶ ይሆናል።

የገዛነው ግንቦት 2016 ላይ ነበር። ክረምቱን ሴራሚክ አንጥፈን፣ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ቀይረን መስከረም ላይ ልንገባ አሰብን። ሐምሌ መጨረሻ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ዋጋ የጠየቅንለት ሴራሚክ፣ ቧንቧና መብራት ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆነ። ባለሱቁ ራሱ ነገ በስንት እንደሚሸጥ አያውቅም ነበር። ሳሎኑን በሊሾው ተውነውና ያለንን ገንዘብ ውሃ የሚነካው ላይ አዋልነው። ዛሬም ቤት ለሚያድስ ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ቀለምና ጂፕሰም ይቆያሉ፣ ቧንቧ አይቆይም።

ገብተን ወር ሳይሞላን የመታጠቢያ ቤታችን ኮርኒስ ወዛ፤ ቆይቶም ማንጠባጠብ ጀመረ። ከላያችን የምትኖረው ልጅ ጥሩ ጎረቤት ናት፤ «ጋሼ፣ እኔ ተከራይ ነኝ፤ ሴራሚክ አስነቅሎ ቧንቧ ማስቀየር አልችልም» አለችኝ። እውነቷን ነው። አከራይዋ ማን ናት? ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት፤ ቤቱን የገዛችው የብዙ ዓመት ደመወዟን እየላከች ነው። ጊዜው ደግሞ መስከረም 2017 ነበር፤ ቤይሩት የአየር ድብደባ የሚወርድባት ሰሞን። ከባለቤቴ ጋር ተያየን። ቦምብ ለሚወርድባት ሴት ስለ ቧንቧ ምን ተብሎ ይደወላል? ከሥሩ ባልዲ አስቀምጠን ዝም ብለን ከረምን።

በኋላ ከተከራይዋ ሰምታ ራሷ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። አሠሪዎቿ ጥለዋት ስለሸሹ ከሌሎች የአገሯ ልጆች ጋር ቤተ ክርስቲያን ተጠግታ ነበር። «ወንድም ጋሼ፣ ለምን አልነገራችሁኝም? የዚህን ወር ኪራይ ለቧንቧ ሠራተኛው ይስጡልኝ። እኔ እዚያ ቤት አንድ ቀን እንኳ አልተኛሁም፤ ሳልገባበት እንዲበላሽብኝ አልፈልግም» ትላለች። ሠራተኛው የዛገውን የብረት ቧንቧ አውጥቶ በፒፒአር ቀየረው፤ ከኪራዩ የተረፈውን ላክንላት። ስለ ቤት ባለቤትነት ብዙ ሰው ብዙ ነገር ነግሮኛል፤ ከእሷ የበለጠ ባለቤት ግን አላየሁም።

የሷ ቧንቧ የግሏ ስለነበረ ነገሩ በቶሎ አለቀ። የጋራው ነው ያስቸገረው። ጥር ላይ የብሎካችን የፍሳሽ መውረጃ ተደፈነና ምድር ቤት ያሉት ባልና ሚስት ቤት ውስጥ ገነፈለ። ሚስቲቱ አራስ ነበረች። ከአራት ፎቅ የወረደ እድፍ ምንጣፋቸው ላይ ቆሞ ሳለ፣ ደረጃው ላይ የተሰበሰብነው ሰዎች ስንከራከር አመሸን። አንዱ «እኛ ቤት ምንም የለም» አለ። ሌላው «መንግሥት ነው የሠራው፣ መንግሥት ይጠግነው» አለ። የሕንፃው ማኅበር ካዝና ሲታይ ለመምጠጫ መኪና የሚሆን ገንዘብ የለውም፤ በወር ሃምሳ ብር የተባለውን መዋጮ ከግማሽ የሚበልጠው ነዋሪ አቋርጦታል። ገቢ ታመጣለች ተብላ የተከራየችው ኮሚናላችንም (የጋራ መገልገያ ቤታችን) ኪራይዋ የት እንደገባ በቅጡ የሚናገር አልተገኘም።

እኔ በጎረቤቶቼ ክፋት አልተናደድኩም፤ ክፉዎች አይደሉም። ይህ ጠባይ ከየት እንደመጣ ነው ያሰብኩት። ያደግሁት ጉለሌ፣ ቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። በሐምሌ 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሁሉ ሲወረስ፣ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ወደ ቀበሌ ሄዱ። ኪራዩ ረከሰ፤ ለድሃ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ እናቴ እስክትሞት ታመሰግን ነበር። ቤቱን የሚጠግነው ግን ጠፋ። አባቴ ክረምት በገባ ቁጥር «ጣሪያው ያፈሳል» ብሎ ማመልከቻ ይጽፋል። በራሱ ቆርቆሮ እንዳይቀይር ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱ አይመጣም። የቤቱ ባለቤት ሌላ ነው፣ የሚያፈሰው እኛ ልጆቹ ላይ ነው። እንዲህ ሆነን ነው ብዙዎቻችን ያደግነው፤ ከበራችን ውጭ ያለውን ሁሉ ሌላ አካል እስኪጠግነው መጠበቅ ለምደን። ኮንዶሚኒየም ስንገባም ይህንኑ ልማድ ይዘን ገባን። ጓዳችንን በሴራሚክ እናሳምራለን፤ የደረጃው አምፖል ሲቃጠል በስልክ መብራት እንወጣለን።

ሕጉ ግን ከእኛ ቀድሟል። የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ኮንዶሚኒየሞቹ በብዛት ከመሠራታቸው በፊት ማለት ነው። አንድ ቤት የገዛ ሰው ደረጃውን፣ ጣሪያውንና የጋራ ቧንቧውንም ድርሻ ገዝቷል፤ ለእነሱም ወጪ ማዋጣት አለበት፤ የቤት ባለቤቶቹም ማኅበር አላቸው። ስለዚህ ደረጃው የመንግሥት አይደለም። የእኔ ነው፤ ምድር ቤት ያለችው አራስም፣ ቤይሩት ያለችው ልጅም ድርሻ አላቸው።

ያን ዕለት ምሽት ነገሩን የፈቱት የእድራችን ዳኛ ናቸው። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። «እድር የማይከፍል ከእናንተ መካከል ማነው?» ብለው ጠየቁ። ማንም የለም። ማኅበሩን የሚያኮርፈው ሁሉ እድሩን ቀን ሳያሳልፍ ይከፍላል፤ ያሳለፈም ቅጣቱን ከፍሎ ዝም ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በእድር ስም ይጠራል፣ ደብተር ለሁሉም ይነበባል፣ ገንዘቡ ለማን እንደወጣ ሁሉም ያያል። «እንግዲያው የሕንፃውንም እንዲሁ እናድርገው» አሉ እሳቸው። በዚያው ምሽት ከየቤቱ ገንዘብ ተሰብስቦ በነጋታው መኪናው መጣ። የአራሷን ቤት ሴቶቹ አጸዱላት፤ ምንጣፏንም ከተዋጣው ገንዘብ ተክተን ሰጠናት።

ከዚያ ወዲህ መዋጮው ሁለት መቶ ብር ነው። በእድሩ ቀን፣ ከእድሩ ቀጥሎ፣ በሌላ ደብተር ይሰበሰባል። ከአገር ውጭ ያሉት ባለቤቶች ተከራዮቻቸው ይከፍሉላቸዋል፤ ከኪራዩ ይቀነሳል። የኮሚናሏ ኪራይም በየወሩ ይነበባል። የጋራው ዳይናሞ ሲቃጠል የተጠገነው ከዚሁ ነው፤ ማንም ደረጃ ላይ ቆሞ አልተከራከረም። ሁለት መቶ ብር ለጡረተኛ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ላልቻሉት ሁለት ቤቶች ሌሎቻችን እንሸፍናለን፤ ይህም በግልጽ ተነግሮ በደብተሩ የተጻፈ ነው። የመንግሥትም ክፍያ እየጨመረ ነው፤ የአዲስ አበባ የቤት ግብር በ2015 ከፍ ብሏል፣ በ2017 ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ ወጥቷል። የቤት ወጪ ወደፊትም አይቀንስም። እኔና ባለቤቴ አሁን የቤቱን ወጪ ከአስቤዛው ለይተን በየወሩ እናስቀምጣለን፤ ማኅበሩ፣ ግብሩ፣ ብድሩ፣ ለብልሽት የሚሆን ጥቂት።

ቤት ልትገዙ ላላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የሕንፃውን ማኅበር ገንዘብ ያዥ ፈልጋችሁ ደብተሩን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ በባንክ ስንት እንዳለ፣ ስንት ቤት እንደሚከፍል፣ የፍሳሽ መስመሩ መቼ እንደተጠረገ ይንገራችሁ። ደብተሩ ከሌለም ቤቱን ከወደዳችሁት ግዙት፤ ግን በገባችሁበት ወር ደብተሩን እናንተው ጀምሩት።