የጀዊ ገመድ ይደበቅልን!

በጀዊ ገመድ ይታያል። ነውሩን ከወዲሁ መናገር ይሻላል።

ከጋምቤላ ከተማ ተነሥቶ ሃያ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ወደ ጀዊ የስደተኞች መጠለያ የዘለቀ እንግዳ ጉዱን በዓይኑ ያየዋል። ከጣሪያው ሶላር የወረደ ሽቦ ያለ አንዳች ይሉኝታ በጭቃው ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል፤ ከባትሪ ጋር ይታሰራል፤ ከዚያ ተነሥቶ ቻርጅ ሊደረጉ ወደተደረደሩት የጎረቤት ስልኮችና ወደ አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ይሄዳል። ቴሌቪዥኗም አልተሰቀለችም። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። ያውም በ2018 ዓ.ም.!

ጀዊ የተከፈተው በ2007 ዓ.ም. ነው። ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹት፣ አብዛኞቹ ኑዌር የሆኑት ሰዎች ቀድሞ የሰፈሩበት የሌችዎር መጠለያ በጎርፍ ስለተጥለቀለቀ ወደዚህ ተዛወሩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ውሃ፣ ስለ ማገዶ፣ ስለ መማሪያ ክፍል ስንት ስብሰባ ተደርጓል። ስለ ገመድ ግን ያነሣ የለም። በ2015 ክረምት ለስደተኞች የሚታደለው ምግብ በመላ አገሪቱ ለወራት ሲቋረጥ እንኳ ወሬው ሁሉ ስለ ስንዴና ስለ ዘይት ነበር። «ቆይ፣ የኤችዲኤምአይ ገመዱ ነገርስ?» ብሎ የጠየቀ አስተዋይ አልተገኘም።

ከሠለጠነ መማር ነውር አይደለምና ወደ አዲስ አበባ እንመልከት። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ቡፌ ላይ ዳንቴል ለብሶ እንደ ሙሽራ ተቀምጦ ኖረ። ገመዱ ከጀርባው ይዝረከረካል፤ የሰፈሩ ልጅ ከፊቱ ወለሉ ላይ ይኮለኮላል። ቤቱ ቴሌቪዥን የሌለው ጎልማሳ ቀበሌ አዳራሽ ሄዶ ከመቶ ሰው ጋር ተጋፍቶ ያያል። ያ የጨለማ ዘመን አልፏል። ዛሬ መጀመሪያ የሚጠራው ጂፕሰም ሠሪ ነው። ግድግዳው በፒቪሲ እብነበረድ ይለበጣል፤ ዙሪያው ቀለም በሚቀያይር መብራት ይታጠራል፤ ገመዱ ሁሉ ተሰብስቦ ከልባጡ ጀርባ ይቀበራል። መጨረሻ ላይ፣ ገንዘብ ከተረፈ፣ ቴሌቪዥን ይገዛል።

ስቅለቱም የራሱ ሥርዓት አለው። የስክሪኑ መሐል ከተቀመጠ ሰው ዓይን ጋር እኩል ይሁን የሚሉ አሉ፤ እነዚህ ምቀኞች ናቸው። የጨዋ ቤት ቴሌቪዥን ኮርኒሱን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ነው የሚሰቀለው። ላም አለኝ በሰማይ የተባለው ለእኛ ሳሎን ሳይሆን አይቀርም፤ ዜና ለመስማት አንገት ቀና ይደረጋል፣ ድራማ አይቶ ለመጨረስ ወጌሻ ይጠራል። ግድግዳው ውስጡ ክፍት ብሎኬት ይሁን፣ ወይም ሲያንኳኩት ቱግ ቱግ የሚል የኮንዶሚኒየም አግሮስቶን፣ ግድ የለም። አራት ፊሸር ተመትቶ፣ ብራኬቱ ታስሮ፣ ሃምሳ አምስት ኢንቹ ይንጠለጠላል። ቀሪው የእግዚአብሔር ሥራ ነው።

ቤቱ የኪራይ ከሆነ ደግሞ ጨዋታው ይደምቃል። ውሉ ላይ «ሚስማር መምታት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል። ተከራዩ አከራይዋን እትዬን ለምኖ፣ አማላጅ ልኮ፣ በራሱ ወጪ ግድግዳውን ያስጌጣል። በዓመቱ እትዬ ኪራይ ይጨምራሉ። ምክንያት? «ቤቱ እኮ የቲቪ ግድግዳ አለው!» ተከራዩ ቴሌቪዥኑን አቅፎ ይወጣል፤ የተቀበረው ገመድ ለአዲሱ ተከራይ ይቀራል።

የሥልጣኔው ጫፍ ግን የሚታየው ገመዱ የተበላሸ ቀን ነው። ምስሉ ይጠፋል። ጠጋኙ መጥቶ «በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» ብሎ ይጠይቃል። አባወራው በኩራት «አይታወቅም!» ይላል። ሊታወቅ የሚችል ቢሆንማ ያ ሁሉ ብር ለምን ወጣ? ድሪሉ ይነሣና አንድ ሜትር ተኩል ገመድ ለመቀየር ሙሉ ግድግዳ ይፈርሳል። አሜሪካኖች እዚህ ገና አልደረሱም። የኤሌክትሪክ ደንባቸው የቴሌቪዥንን የመሰለ፣ ተሰክቶ የሚነቀል ገመድ ግድግዳ ውስጥ እንዳይቀበር ይከለክላል። እሳት ይፈራሉ። እኛ ምን ያስፈራናል? መብራቱ ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ እሳቱ ለመነሣት ፋታ አያገኝም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማትም የመብራትና የስልክ ገመዱን ከምሰሶ አውርዶ መሬት ውስጥ አስገብቷል። እዚህ ላይ ግን አንድ ቅር የሚያሰኝ ነገር አለ። የመንገዱ መሐንዲስ በየቦታው መክደኛ ትቷል፤ ተከፍቶ ሊጠገን ነው እንግዲህ። ከሳሎኑ ጂፕሰም ሠሪ ቢማር ኖሮ ደፍኖት ይሄድ ነበር።

ገመዱ የሚሸከመውን መብራት ካነሣን፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ፤ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከአገሩ ሕዝብ ግማሽ ገደማው ግን ገና የመብራት መስመር አልደረሰውም። ይህን እንደ ችግር የሚቆጥሩ ጨለምተኞች አሉ። ተሳስተዋል። የሚደብቀው ገመድ የሌለው ሰው ቤቱ በተፈጥሮው ያማረ ነው። ያለ ጂፕሰም፣ ያለ ድሪል፣ ያለ ወጪ ከሁላችን ቀድሞ ሠልጥኗል። ወደኋላ የቀሩት እንደ ጀዊ ያሉት፣ አንዲት ሽቦ አግኝተው እሷንም በአደባባይ የሚዘረጉት ናቸው።

እናም ፕሮጀክት ይቀረጽ። መነሻው፣ እንደ ደንቡ፣ ባለ ኮከብ ሆቴል ውስጥ የሦስት ቀን የአቅም ግንባታ ሥልጠና ይሁን። ባነር ይታተም፤ ውሎ አበል ይከፈል። ከዚያ ባለሙያው ድሪሉን ይዞ ወደ ጀዊ ይውረድ። ግድግዳው ጭቃና እንጨት መሆኑን፣ እንጨቱንም ምስጥ ከውስጥ እየጋጠው መሆኑን ሲያይ እንዳይደነግጥ። ፊሸሩን ምስጡ ላይ ይምታ። በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ የተቀበረው ገመድ ቢግል፣ የተለበጠው ቢላቀቅ፣ ሁለተኛ ዙር ሥልጠና ይዘጋጃል። ለሪፖርቱ «በፊት» እና «በኋላ» የሚል ፎቶ ከተነሣ ሌላው ትርፍ ነው።

አንድ ሥጋት ብቻ አለኝ። በጀዊ ሽቦው ስለሚታይ ከየት እንደመጣና የት እንደሚያልፍ ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ሲበጠስ የሚጠግነው ወጣት ባለሙያ ተብሎ ከሌላ አገር አይመጣም፤ በዓይኑ እያየ የተማረ የዚያው ሰፈር ልጅ ነው። የአውሮፓ ኳስ ያለ ቀን ከዚያች ጠረጴዛ ፊት የሚቀመጠው ሰው ከአንድ ቤተሰብ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ገመዱ ከተደበቀ ይህ ሁሉ ሰው እንደ አዲስ አበባው አባወራ «አይታወቅም» ማለት ይጀምራል። ሳሎኑ ያምራል፤ ቻርጅ ሊያደርግ ስልኩን ይዞ የሚያንኳኳው ጎረቤት ግን የልባጡን ውበት እንዳያጎድፍ ከደጅ ይመለሳል።

ሽሙጡን ላቁም። ቴሌቪዥን መስቀል ኃጢአት አይደለም፤ የተዝረከረከ ገመድም ሕፃን ይጠልፋል። የሚሰቅል ሰው በጠንካራ ግድግዳ ላይ፣ በዓይኑ ልክ ይስቀል። ሶኬቱን ከስክሪኑ ጀርባ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያስወጣ፤ የምስሉን ገመድ ተከፍቶ በሚዘጋ ሽፋን ውስጥ ያሳልፍ። ነገሩ ከዚህ አያልፍም። ያሳፈረን ግን የገመዱ መዝረክረክ ብቻ አይመስለኝም። ነገሩ በምን እንደሚሠራና ከማን እንደመጣ መታየቱ ራሱ አሳፍሮናል። ለአገሩ ግማሽ ሰው ያልደረሰን ገመድ የደረሰው ሁሉ ለመደበቅ መሽቀዳደሙ ሥልጣኔ አይባልም። እርስዎም ለጂፕሰም ሠሪው ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁት፦ «ሲበላሽ በየት እከፍተዋለሁ?» መልስ ከሌለው ገንዘብዎን ኪስዎ ይመልሱ።