የበሬው ባለቤት ማን ነው? በደብረ ታቦርና በአካባቢው በስም ሐረግ ውስጥ ስለሚነሣ የንብረት ክርክር

እንግሊዝኛ ከስም ፊት ያለው መቀመጫ አንድ ብቻ ነው። «ዘ» ከተቀመጠች «ማይ» ትነሣለች፤ «ማይ» ከተቀመጠች «ዚስ» በር ላይ ይቀራል። ሁለቱን አንድ ላይ ማየት የፈለገ ሰው ባለቤቱን ከስሙ ኋላ ወስዶ «ኦቭ ማይን» በሚባል ጓሮ ማሳደር ግድ ይሆንበታል። እንግሊዞች ይህን ሕግ አይማሩትም፤ ከእናታቸው ጋር ይጠቡታል። የሚማሩት የፋርጣ ልጆች ናቸው።

ለጥናታችን መነሻ የሆነው የአንድ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ነው። ስለ ቤተሰብህ ጻፍ ቢባል «ዘ ማይ ቢግ ብራዘር» ብሎ ጀመረ፤ ዝቅ ብሎም «ዋን ማይ ፍሬንድ» አለ። ሁለቱም በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮባቸዋል፤ ምክንያቱ ግን አልተጻፈም። ልጁ ከራሱ የጨመረው ነገር የለም። «ትልቁ ወንድሜ» ከሚለው ላይ «ኡ»ን ለ«ዘ»፣ «ኤ»ን ለ«ማይ» ቆጥሮ አስረከበ፤ «አንድ ጓደኛዬ» ላይም እንዲሁ አደረገ። ሂሳቡ አንድ ሳንቲም አልጎደለበትም። የተሰመረበት በታማኝነቱ ነው።

በእርግጥ አማርኛ በዚህ በኩል ልቅ ነው። አንዲት እናት ገበያ መሐል ዘመድ አግኝታ «ይሄ ትልቁ ልጄ አገባ» ስትል አመልካቹም፣ የታወቀ ነገር ምልክቱም፣ ባለቤቲቱም በአንድ ሐረግ ገብተዋል፤ ማንም ማንንም ተነሥ አላለም። ጣልያንኛም ለዚህ ይቀርባል፤ ከቅርብ ዘመድ በቀር «የእኔ» የተባለውን ነገር ሁሉ ጠቋሚ ያስቀድምለታል። ጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ሲገቡም ጠቋሚውንና «የእኛ» የሚለውን አብረው ይዘው ነበር። በ1933 ዓ.ም. ሁለቱንም ይዘው ወጡ።

ይሁንና የልቅነቱ ዋጋ አለ፤ «ኡ» ሁለት ሥራ ትሠራለች። «በሬው» ማለት ሁለታችንም የምናውቀው በሬ ማለት ነው፤ የእሱ በሬ ማለትም ነው። ሂዮብ ሉዶልፍ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1698 ፍራንክፈርት ላይ የአማርኛ ሰዋስው ያሳተመው ኢትዮጵያን ሳያይ ስለሆነ በሬ ገብስ የበላበት ሽምግልና ላይ የመቀመጥ ዕድል አላገኘም። እኛ አግኝተናል።

ከጉና ግርጌ፣ ሁለት ጎረቤታሞች በተካሰሱበት ሽምግልና፣ ምስክሩ ቀርቦ እንዲህ አለ፦ «በሬው ማሳው ውስጥ ገብቶ አየሁት።» የምስክርነቱ ቃል ይኸው ነው። ቃሉን በጥንቃቄ ብንበትነው አራት ፍች ይወጣዋል። የታወቀው በሬ የታወቀው ማሳ ውስጥ ገባ፤ የእሱ በሬ የታወቀው ማሳ ውስጥ ገባ፤ የታወቀው በሬ የእሱ ማሳ ውስጥ ገባ። አራተኛው ግን የእሱ በሬ የራሱ ማሳ ውስጥ ገባ የሚል ነው፤ እንዲህ ከሆነ ጥፋት ቀርቶ ወሬም የለም። ከሳሽ አንደኛውን ሰማ፣ ተከሳሽ አራተኛውን ሰማ፣ ሁለቱም ምስክሩን አመሰገኑት።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አልተዋጠላቸውም።

«የማን በሬ ነው ያየኸው፣ ልጄ?»

«የሰውየው ነዋ፣ አባቴ።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«የበሬው ባለቤት።»

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ ምስክሩ አልዋሸም፤ ነገ ከሁለቱም ቤት ጠላ ይጠጣል። ሁለተኛ፣ ሽማግሌው «ልጄ» ያሉት ያልወለዱትን ሰው ነው፤ እሱም «አባቴ» ብሎ መለሰ። የእኔነት ምልክት ያለ ስስት የተረጨው ዝምድና በሌለበት ቦታ ሲሆን ባለቤቱ በእርግጥ የሚፈለግበት በሬ ግን በ«ኡ» ተሸፍኖ ቀረ። ይህ ጥናት የሚከራከርለት ነጥብ ይኸው ነው፦ በዚህ አገር የባለቤትነት ምልክት የሚበዛው ባለቤትነት በሌለበት ነው።

ነገሩ ላም ቢሆን ኖሮ ምስክሩ ባልተመቸው ነበር። «ላሚቱ» ካለ ባለቤቱን ትቷል፤ «ላሙ» ካለ ባለቤቱን አጋልጧል። መሐል መቆሚያ የለም። ስለዚህ ፍትሕ እንዲፋጠን ሽማግሌዎች የላም ክስ ብቻ ቢቀበሉ ይመከራል።

አሁን ከ«ኡ» ወደ ሌላው የባለቤትነት ምልክት፣ ወደ «የ» እንለፍ። አለቃ ገብረ ሐና የፎገራ፣ የናበጋ ሰው ናቸው። እንደሚተረከው አዲስ የአቋቋም ስልት አወጡ፤ ልጃቸው አለቃ ተክሌ ተምሮ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው። እስከ ዛሬ መቋሚያው የሚወዛወዝበት፣ ካህናቱ የሚዘምሙበት ያ ስልት «የተክሌ አቋቋም» ይባላል። አባት አወጣ፣ ልጅ አስተማረ፣ «የ» ለልጁ ፈረደች። አለቃ ግን ካሳቸውን አላጡም። አገሬው ባለቤቱን ያጣውን ቀልድ ሁሉ ሰብስቦ «የአለቃ ገብረ ሐና ቀልድ» ብሎ በስማቸው አስመዝግቦላቸዋል፤ ከሞቱ በኋላ የተፈጠረውም ጭምር። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራው መድፍም ጉዳዩ ያው ነው። አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን አቀለጡት፣ ሕዝቡ እስከ መቅደላ ጎተተው፣ ስሙን ከክራይሚያ ከተማ ወስዶ ሴባስቶፖል ተባለ፤ ባለቤቱን ሲጠይቁ መልሱ «የቴዎድሮስ» ነው። ያዘዘ፣ የሠራ፣ የጎተተ ለ«የ» ልዩነት የላቸውም።

በዚህ ረገድ እንደ «የኔታ» የሚያስተምር ቃል የለም። «የእኔ ጌታ» ከዘመን ብዛት ተጨምቆ የመምህር መጠሪያ ሆነ። ጋይንት ቤተልሔም ድጓ ለማስመስከር፣ ዙር አባ ዝማሬ መዋሥዕት ለመቀጸል የሚወርድ ተማሪ ዓመታቱን የሚጨርሰው በየኔታ እግር ሥር ነው። ጌታው የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ «የኔታችን» ይባላል፤ የእኛ የእኔ ጌታ መሆኑ ነው። «የእሱ የኔታ» ይባላል፤ የእሱ የእኔ ጌታ። «ዘ ማይ» ብሎ ቀይ መስመር የተሰመረበት ልጅ ይህን ቢያውቅ አቤቱታ ያቀርብ ነበር፤ ያውም በእንግሊዞቹ ላይ። እነሱም «ማይ ሎርድ» ተጣብቆ «ሚሎርድ» ከሆነ በኋላ «ኤ ሚሎርድ» ማለትን አልተጸየፉም።

ፈረንሳይኛም እንዲሁ «የእኔ እመቤት»ን «ማዳም» አድርጎ ለዓለም አከፋፈለ። ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ የእኛ ልጅ ደሞዝ የምትከፍላትን ሴት «ማዳሜ» ትላታለች። ፊትም ኋላም «የእኔ» አለበት፤ የእኔ የእኔ እመቤት። የልጅቱ ፓስፖርት ግን ያለው በማዳሜ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ሁለት የእኔነት ምልክት በአንድ ስም ላይ ባየን ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ንብረቱ በማን እጅ ነው የሚል መሆን አለበት።

የቀረው የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። እዚያ የሚቀመጠው «የኔ ቢጤ» ይባላል፤ እኔን የሚመስል ማለት ነው። «የኔ ቢጤው» ስንል «ዘ ማይ» ደጀ ሰላም ላይ በየዕለቱ ይነገራል ማለት ነው፤ መስመር ያሰመረበት ግን የለም። ከ«በ»፣ ከ«ከ» እና ከ«ለ» ኋላ «የ» የመጥፋት ልማድ አላት፤ «ከየእኔ ቤት» አንልም፣ «ከእኔ ቤት» እንላለን። «የኔታ» ግን ክብሩን ጠብቆ «ከየኔታ ቤት» እንዳለ ኖሯል። የየኔ ቢጤ «የ» እንዲህ ያለ ጥበቃ የላትም። ጠንቃቃው «ለየኔ ቢጤ» ሰጠሁ ሲል ችኩሉ «ለኔ ቢጤ» ሰጠሁ ይላል። የኋለኛው ሰው በሰዋስው በኩል የሰጠው ለራሱ አምሳያ ነው። ጽድቁ በማን ስም እንደሚመዘገብ የቤተ ክህነት ጉዳይ ስለሆነ ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ነው።